ከስማችን ላይ የወደቀው ዘንግ

ፓሮው፣ ኬፕታውን
ፌብሯሪ 13 ቀን 2022

ለመምህርት አልቪና ናሩሴስ
ክሊፕሩስ፣ ኮሪኻስ አጠገብ

የተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤትዎም ደህና እንድትሆኑ ምኞቴ ነው። የእጅ ጽሑፌን ስለማያውቁት ማንነቴን ላስቀድም። ዊልፍሪድ ጋኤሴብ እባላለሁ። ዋልቪስ ቤይ ወደብ ይሠራ የነበረው የኤሊፋስ የልጅ ልጅ፣ የሄንድሪክ ልጅ ነኝ። አያቴ ኤሊፋስና የእርስዎ አባት ናታናኤል የአንድ እናት ልጆች እንደነበሩ የሰማሁት ገና ባለፈው ዓመት ነው።

አባቴ ባለፈው ኦገስት አረፈ። ዋልቪስ ቤይ ስንቀብረው ጌርሶን የሚባሉ ሽማግሌ መስቀሉ ላይ የተጻፈውን ስም ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ይህ ስም አንካሳ ነው» አሉኝ። «እንዴት?» አልኳቸው። «ምልክቱ የት ሄደ? የየትኛው ጋኤሴብ ነህ አንተ?» አሉ። እኔ ያደግኩት በአፍሪካንስ ነው፤ የእናንተን ቋንቋ ከሰላምታ አልፌ አልችልም። የእኔም፣ የአባቴም፣ የአያቴም ወረቀት ላይ ስማችን ያለ ምንም ምልክት ነው። አድራሻዎን የሰጡኝ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው።

የመቃብሩ ድንጋይ አልተቀረጸም፤ ጠራቢው ስሙን እየጠበቀኝ ነው። እባክዎ አክስቴ፣ ከስማችን ፊት የሚቆመው ምልክት የትኛው እንደሆነ ይጻፉልኝ።

እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። የዓሣና የሥጋ መኪኖች የት እንደደረሱ የሚከታተል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሎሬታ እጅ ነስታለች።

አክባሪዎ
ዊልፍሪድ


ክሊፕሩስ
ማርች 27 ቀን 2022

ለልጄ ለዊልፍሪድ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለሎሬታ፤ ያ የኬፕ ነፋስ ጣሪያችሁን ይማርላችሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንታት አልፈውታል። እጄ ሥራ በዝቶበት ነው የዘገየሁት።

ስለ አባትህ ነፍስ ጸልያለሁ። በሕይወቱ አንድም ቀን አላየሁትም። ሞቱን ሳላውቅ መቅረቴ ግን ደስ አላለኝም።

እኛ ደህና ነን። ዝሆኖች መጥተው የውሃ ታንከራችንን ገልብጠው ሄዱ፤ አሁን ውሃ የምንቀዳው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ካለው ቧንቧ ነው። ከፍየሎቼ ሦስቱ መንታ ወልደዋል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። የክፍል መዝገቦቼን በሙሉ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ምስጥ አልነካቸውም።

ስልክ እያላት ለምን ወረቀት ላከችልኝ ትል ይሆናል። ስልኬ ስማችንን መጻፍ አይችልማ! ምልክቶቻችንን ስነካለት የራሱን ነገር ይተካብኛል። እስክሪብቶዬ ግን ያዘዝኩትን ይጽፋል።

አስተማሪ ነኝና ሳላስተምርህ አላልፍም። የቋንቋችን የምላስ ምቶች፣ ምልክቶቹ የሚቆሙላቸው ድምፆች፣ አራት ናቸው። አንደኛዋ፣ ሰው ሲያሳዝንህ ከንፈርህን እንደምትመጠው ዓይነት ከፊት ጥርስህ ጀርባ የምትመታ ናት፤ ስትጻፍ አንድ ዘንግ ናት። ሁለተኛዋ ከጉንጭ በኩል ናት፤ አህያ የሚነዳ ሰው ያሰማታል፤ ስትጻፍ ሁለት ዘንግ ጎን ለጎን። ሦስተኛዋ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል እንደሚጮኸው ናት፤ ስትጻፍ ቃለ አጋኖ ትመስላለች፤ ግን ቃለ አጋኖ አይደለችም! (ይኸኛው ነው ቃለ አጋኖ።) አራተኛዋ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ናት፤ አንድ ዘንግ ሆና ሁለት ሰረዝ ያቋርጧታል። ከአራቱ አንዷን በሌላዋ ከቀየርክ ሌላ ሰው፣ ሌላ ዘር ጠራህ ማለት ነው።

የጤና ጣቢያችን ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። ፊደል ያልመሰለውን ሁሉ ጠራርጎ ይጥላል። እኔ በባሌ ስም ባለ ሁለት ዘንግ ናሩሴስ ነኝ። ፍራንስፎንቴን መንደር ደግሞ አንዲት ባለ አንድ ዘንግ አልቪና ናሩሴስ አለች። ምልክቱ ሲወድቅ ሁለታችንም አንድ ሴትዮ ሆንን! የልደት ቀናችንን የጻፈልን ስለሌለ ሁለታችንንም ጃንዋሪ አንድ ተወለዱ ብለውናል። አንተዋወቅም፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ግን አብረን እንኖራለን።

ከተቻለህ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ፤ ቁጥሩ ሁለት ተኩል ነው። የአሁኑን ፍየል ረገጠችው።

አክስትህ
አልቪና


ፓሮው
ሜይ 1 ቀን 2022

የተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመኪና ውስጥ ስሄድ አራቱን ምቶች እየተለማመድኩ ነው፤ ሎሬታ «ጥርስህን አመመህ እንዴ?» ትለኛለች። አራተኛዋ ጨርሶ እምቢ ብላኛለች። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አንዱ ቢሰበር ብዬ ሁለት አድርጌዋለሁ።

ስለ ጤና ጣቢያው የጻፉት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ጥፋቱ የሙያዬ ነውና። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስም ሲመጣልን «ቆሻሻ እናጽዳ» ብለን ከተለመዱት ፊደሎች በስተቀር ሌላውን እንጥላለን። እኔም ሥራ ቦታዬ እንዲህ ያለ መስመር ጽፌ አውቃለሁ። አንድም ቀን የሰው ስም እየጣልኩ ነው ብዬ አላሰብኩም።

አሁን አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። በእኛ ሥራ ማንም ሁሉንም ነገር ከዜሮ አይጽፍም። አንድ ሰው አንድን ሥራ በደንብ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ያዘጋጅና ሌሎች ወስደው በየፕሮግራማቸው ውስጥ ይሰኩታል። ላይብረሪ እንለዋለን። እኔም ምልክቶቹን የሚያውቅ ላይብረሪ ልሠራ ነው፦ ሰው ምልክቱን ስላላገኘ በቃለ አጋኖና በሰረዝ የጻፈውን ወደ ትክክለኛው ምልክት የሚመልስ፣ ሁለት ስሞችን ሲያወዳድር ምልክቱን የማይጥል። ስሙን ናሚ ልለው አስቤያለሁ። ጌርሶን ምላስ ማለት ነው ብለውኛል፤ ልክ ነው?

ሲያልቅ ኮዱን በነፃ፣ ለማንም ክፍት አድርጌ አወጣዋለሁ። ግን የምፈትንበት ስም የለኝም። ከመዝገቦችዎ ጥቂት ስሞች በእጅዎ ቢገለብጡልኝ?

አክስቴ፣ የስማችንን ምልክት ነገር አልነገሩኝም። ምናልባት ረስተውት ይሆናል።

አክባሪዎ
ዊልፍሪድ


ክሊፕሩስ
ጁላይ 3 ቀን 2022

ለዊልፍሪድ፣

ጤና ይብዛልህ፤ የሎሬታም እንዲሁ። መነጽሩ ደረሰኝ። መስኮቴ ቆሻሻ መሆኑን አሁን ነው ያወቅኩት።

ናሚ ምላስ ነው፣ ልክ ብለዋል። ላይብረሪ ስትለኝ ግን መደርደሪያ የምትሠራ መስሎኝ ጎረቤቴን ጠርቼ «የዘመዴ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራልን ነው» ብዬ አስደስቼያት ነበር። ደብዳቤህን መልሼ ሳነብ አፈርኩ። ለምን በነፃ እንደምትሰጠው መጀመሪያ አልገባኝም፤ ምን ሊበላ ነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው እኔስ ሀ ሁ ያስቆጠርኩት ልጅ በኋላ ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ይከፍለኛል እንዴ አልኩ። ደግ አድርገሃል።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም በደብተር ገልብጬ ልኬልሃለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የነበረ፣ ፊቱን የማስታውሰው ነው። አንድ ነገር እወቅ፦ በስም ፈተና ሃምሳ ያመጣ አለፈ የሚባል ነገር የለም። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ብታገኝ አንዱ ልጅ ውጭ ቀረ ማለት ነው። በተጨማሪም የቤተ ክርስቲያናችንን ማስታወቂያ ወረቀት አስገብቻለሁ፤ እውነተኛ ቃለ አጋኖ አለበት፤ ያታልልህ ከሆነ እንይ።

የደም ግፊት መለኪያ ማግኘት ትችላለህ? ለአንዲት ጎረቤቴ ነው። በእጅ የሚታሰረው ዓይነት ቢሆን።

ስለ ምልክቱ አልረሳሁትም። ፍየሎቹ ወልደው ይጨርሱ።

አክስትህ
አልቪና


ፓሮው
ሴፕቴምበር 4 ቀን 2022

የተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። የደም ግፊት መለኪያውን ለጎረቤትዎ ልኬያለሁ፤ አጠቃቀሙን በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ።

ውጤት ልንገርዎ። እያንዳንዱን ስም አንድ ፈተና አደረግኩት። ኮዱን በለወጥኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ይፈትናቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ስልሳ ሦስት ወደቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀትማ አዋረደኝ፦ «ሃሌሉያ! ላዛሩስ ይዘምራል» የሚለውን አንብቦ ሃሌሉያ የሰው ስም ናት፣ ቃለ አጋኖዋም ከላዛሩስ ፊት የምትቆም ምት ናት ብሎ አመነ። ሎሬታ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ስልሳ ሦስቱ ዘጠኝ ሆኑ፣ ዘጠኙ አንድ ሆኑ። የመጨረሻዋ በመዝገብዎ አንድ መቶ ሰባኛዋ ነበረች፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ታገለችኝ። ትናንት እሷም አለፈች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ከሁለት መቶ አሥራ አራት!

ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። በመኪና መከታተያ ሥራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

የመጀመሪያውን እትም በዚህ ወር አወጣዋለሁ። ፍየሎቹስ ወልደው ጨረሱ?

አክባሪዎ
ዊልፍሪድ


ፓሮው
ዲሴምበር 11 ቀን 2022

የተከበሩ አክስቴ፣

ከጁላይ ወዲህ ወሬዎ ጠፋብኝ። ስልክዎ ላይ ብደውል አይነሳም። የመንደሩን ትምህርት ቤት ቁጥር አፈላልጌ ደውዬ ነበር፤ ዕረፍት ላይ ናቸው መሰለኝ። በምልክቱ ነገር አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከእንግዲህ አልጠይቅም። ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ናሚ ሴፕቴምበር 24 ቀን ወጣ። በወሩ የጤና ጣቢያዎችን መዝገብ የሚሠራ አንድ ትንሽ የዊንድሁክ ድርጅት ወስዶ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባው። የእርስዎም ጤና ጣቢያ ሊደርሰው ይችላል። ሌሎችም ጻፉልኝ፤ ከቦትስዋና ሳይቀር።

ለገና ደረቅ ብስኩትና ሻይ ልኬያለሁ።

የሚያስብልዎ
ዊልፍሪድ


ክሊፕሩስ
ጃንዋሪ 15 ቀን 2023

ለዊልፍሪድ፣

አዲሱ ዓመት በደህና ይግባላችሁ። በሕይወት አለሁ።

የደም ግፊት መለኪያውን ለጎረቤቴ ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ፤ ለእኔ ነው፤ ግፊትም ስኳርም አለብኝ። ከሩቅ ያገኘኸው ዘመድህ ገና በሁለተኛው ደብዳቤ በሽተኛ ነኝ ሲል ምን ትላለህ ብዬ ነው። ለሴፕቴምበሩ ደብዳቤህ ሳልመልስ የቀረሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላጫውትህ።

ጤና ጣቢያችን መዝገብ ቤት ኔላጎ የምትባል ከሰሜን የመጣች ሴት አለች። ምላሷ የእኛን ምት አይመታም፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። እኔና የፍራንስፎንቴኗ አልቪና መደባለቃችንን ስላወቀች የየራሳችንን የወረቀት ካርድ ሠርታ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጥልን ነበር። በየወሩ ከካርዱ ላይ ነው ኪኒናችንን የምታዝልን።

ኖቬምበር ላይ አዲስ ፕሮግራም ተጫነ። ስማችን ከነምልክቱ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኔላጎም «በቃ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» ብላ ካርዶቹን ቀደደቻቸው። የዚያን ወር ኪኒን ወሰድኩ። ቀለሙ ተለውጧል ብዬ ስጠይቅ አዲስ ዓይነት ይሆናል አሉኝ። በአራተኛው ቀን ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ ሰማዩ ዞረብኝ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ግፊቴ ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ግራ እጄ ተሰብሯል። የምጽፈው በቀኝ ነውና አታስብ። ስልኬም ባልዲው ውስጥ ገባ።

ኪኒኑ የፍራንስፎንቴኗ ነበር፤ ከእኔ እጅግ የሚጠነክር የግፊት መድኃኒት።

ከሆስፒታል ስወጣ በቀጥታ ኔላጎ ጋ ሄጄ «ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪልኝ» አልኳት። አየሁት። ሁለት አልቪና የለም፤ ያለው አንድ አልቪና ነው፤ በአንድ ዘንግ። ከሁለት ዘንጌ አንዱን ነጥቆ እሷን አድርጎኛል። ኔላጎ ፕሮግራሙን ለሠራው ድርጅት ደውላ ጠየቀች። «ምልክቱን የሚሠራው ናሚ የሚባል ነገር ነው አሉኝ፤ ያውቁታል እንዴ መምህርት?» አለችኝ።

አላውቀውም አልኳት።

ደብተሩን መልሼ አሰብኩት። በላክሁልህ ስሞች ውስጥ በአንድ ዘንግና በሁለት ዘንግ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ልጆች አልነበሩም። ፈታኟም ጥፋት አለባት። አሁን አሥራ ሰባት ጥንድ ስም ልኬልሃለሁ። ፈትናቸው።

አልቪና


ፓሮው
ጃንዋሪ 29 ቀን 2023

አክስቴ፣

ሰላምታውን እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። በሕይወት ስላሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሥራ ሰባቱም ጥንዶች ወደቁ። አንዱም አላለፈም። ያጠፋው አንድ መስመር ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ቁልፍ ሲነካ ጣቱ እየደገመ፣ አንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ የሚጽፍ መስሎኝ የተደገመውን ምልክት አንድ እንዲያደርግ አዝዤው ነበር። ሁለት ዘንግ ለእኔ የተደገመ አንድ ዘንግ መሰለኝ። የደብተርዎን ፈተናም ያለፈው ያንኑ ጽዳት በደብተሩ ስምም ናሚ በሚያወጣው ስምም ላይ ስላደረግኩ ነው፤ ሁለቱንም አበላሽቼ እኩል ናቸው አልኩ። ደስ ብሎኝ ከወንበሬ የተነሳሁት ለዚያ ነው።

የባሰ አለ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። ኖቬምበር ላይ ከቦትስዋና፣ ከጋንዚ፣ ካሼ የሚባል፣ እንደ እናንተው ምት ያለው የናሮ ቋንቋ አስተማሪ ጽፎልኝ ነበር። «ሁለቱ ዘንጎች አንድ እየሆኑብኝ ነው፤ እባክህ እየው» አለኝ። ዲሴምበር ላይ «ከቦትስዋና ሳይቀር ጻፉልኝ» ብዬ የኮራሁብዎት እሱ ነው። ምን እንደጻፈ ሳልነግርዎ። ቅዳሜ አየዋለሁ አልኩ። ቅዳሜዎቹ አለፉ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት እትሙን አነሳሁት፤ ድርጅቱ ጋ ደውዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ናሚ የሚገኝበት ገጽ አናት ላይም ማንም እንዳይጠቀምበት በትልቁ ጻፍኩ። ጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ወደ ወረቀት ካርድ እንዲመለሱ ዛሬ ጠዋት ተነግሯቸዋል። ይህን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የምጽፍልዎ።

ከእንግዲህ ሥራውን ለካሼ ላስረክብ አስቤያለሁ። የራሱን ስም ምልክት የማያውቅ ሰው የሌላውን ስም መንካት አልነበረበትም።

ይቅርታዎን የምለምን
ዊልፍሪድ


ክሊፕሩስ
ፌብሯሪ 19 ቀን 2023

ለልጄ ለዊልፍሪድ፣

ሰላም ይሁንልህ፤ ሰላም ብዬ የምጽፈው ከልቤ ነው። እጄ ከጀሶ ወጥቷል።

ተቀመጥና አንብብ። አያትህን ኤሊፋስን ኮምፒውተር አልነካውም። ምልክቱን የጣለው በገዛ እጁ ነው። በ1961 ዋልቪስ ቤይ ወደብ ላይ ደህና ሥራ የሚሰጠው ለክልሶች ነበር፤ ለእኛ ለጥቁሮቹ አካፋና የጋራ ማደሪያ። እሱ መልኩ ቀይ፣ አፍሪካንሱም ንጹሕ ነበር። ስሙን ያለ ምልክት አስመዘገበና ክልስ ሆነ። በዓመቱ እናታቸው ስትሞት አባቴ ሊያረዳው ሄደ፤ ሁለት ቀን በጭነት መኪና ላይ። ደጁን ሲያንኳኳ ኤሊፋስ ከነጩ አሠሪው ጋር ተቀምጦ ነበር። ወጥቶ አየው። ከዚያ ወደ ነጩ ዞሮ «ይህን ሰው አላውቀውም» አለ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ የወንድሙን ስም አልጠራም። እኔም አልጠራሁም። የመጀመሪያ ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት የዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ስሙን ሲፈልጉ ጣሉት፣ ሲፈልጉ ደግሞ በፖስታ ይጠይቁናል አልኩ። ሴፕቴምበር ላይ ዝም ያልኩህም ለዚሁ ነው። ስለ ወንበርህ ስትጽፍ ወደድኩህ፤ መውደዴ ራሱ አናደደኝ።

ግን ኔላጎ «ናሚን ያውቁታል?» ስትለኝ ምን አልኳት? ሰዉ እየሰማ አላውቀውም አልኩ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ስልሳ ዓመት የፈረድኩበትን ነገር ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ኤሊፋስንም የዚያን ቀን ትንሽ ልጅ ሆኖ አየሁት፤ የፈራ ልጅ።

አንተ ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው ሳትባል፣ የእኔ ነው ብለህ ጻፍክ። አያትህ ያንን አልጻፈም። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ኔላጎ ጋ ሄጄ «ያን ናሚ የሠራው የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ጥፋቱን እያረመ ነው» አልኳት። «እሺ፤ ይፍጠንልን በሏቸው» አለችኝ።

ስለዚህ ይፍጠንልን። ለካሼ ማስረከብ የሚባል ነገር አልሰማም። ካሼን አግዘኝ በለው። የቀሩትን መዝገቦች እየገለበጥኩ ነው፤ በሙሉ አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለት ልጆች አሉኝ። ወደ ኬፕታውን የሚወርደው አውቶቡስ ሹፌር ስምንት ደብተር ይዞልህ ይመጣል።

ስማችን በአራተኛዋ ነው። ጭራሮ እንደሚሰበረው፣ ዘንጉን ሁለት ሰረዝ ያቋርጡታል። ለአባትህ ድንጋይ ጻፍለት።

አክስትህ
አልቪና፣ የናታናኤል ጋኤሴብ ልጅ


ፓሮው
ሜይ 7 ቀን 2023

የተወደዱ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎስ? እኛ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ለሎሬታ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አያቴን የማስታውሰው ወደብ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ሲያጠምድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብቻውን በአፉ የሆነ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ እንጨት እንደሚሰበር ያለ። ጥርሱን የሚያጸዳ ይመስለኝ ነበር።

ሥራውን ልንገርዎ። ያን መስመር ሰርዤዋለሁ። ካሼ በየምሽቱ ከሥራ በኋላ አብሮኝ ይጽፋል፤ የምጽፈውን ሁሉ እሱ ሳያየው አይገባም፣ የእሱንም እኔ ሳላየው። ክፉ ጠያቂ ነው፤ እርስዎን ይመስላል። አንድ ሺህ አራት መቶ ሁለቱንም ልጆች አስገብተናል፤ እያንዳንዱን ስም ከሌላው ሁሉ ጋር እናስተያየዋለን፤ አንዱም ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ። አሁን ናሚ ጥርጣሬ ሲገባው ራሱ አይወስንም፤ ቆሞ ሰው ይጠይቃል። ያስተማረን እርስዎ ላይ የደረሰው ነው። የዊንድሁኩ ድርጅትም በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ወር ከወረቀት ካርዱ ጎን ለጎን ሳያስኬደው ሌላ ጋ እንዳይጭን ተስማምተናል። አንዱን ጤና ጣቢያ ምረጥ ሲሉኝ የኔላጎን አልኳቸው።

ሙሉ ነው የምንለው እትም 1.0 ኤፕሪል 30 ቀን ወጣ። በሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ የእርስዎ ስም መጀመሪያ ነው፤ ከነሁለቱ ዘንግ።

ድንጋዩም ቆመ። የጠራቢው ማሽን ምልክቱን አላውቅም ብሎ ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። ሰውየው «ቆይ» ብሎ መሮና መዶሻ አመጣና በእጁ ቀረጸው። ከሌሎቹ ፊደላት ትንሽ ጠልቋል። ሽማግሌው ጌርሶን መጥተው ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱትና ስሙን ጮክ ብለው ጠሩት። እኔም ጠራሁት። ልክ አልነበረም፤ ግን አልሳቁብኝም።

ልጅዎ
ዊልፍሪድ


ክሊፕሩስ
ጁላይ 9 ቀን 2023

ለልጄ ለዊልፍሪድ፣

በረከት ይውረድላችሁ፤ ለካሼም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ክፉ ጠያቂ መሆኑን ወድጄለታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የወሩ ኪኒን ቀን ነበር። አግዳሚው ሞልቷል፤ ከአጠገቤ ጥቁር ኮት የደረበች፣ ቀጠን ያለች ሴትዮ ተቀምጣለች። ኔላጎ መስኮቷን ከፍታ «አልቪና ናሩሴስ» አለች። ሁለታችንም ተነሳን! እሷ እኔን አየች፣ እኔ እሷን።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«ስኳር የሌለብኝን ሴትዮ ስኳር አለብሽ እያሉ ሁለት ዓመት ያንከራተቱኝ በአንቺ ምክንያት ነው?»

«እኔንስ ቧንቧ ሥር የጣለኝ የማን ኪኒን ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኔላጎ ግን አልሳቀችም። ስክሪኗን ታያለች፣ እኛን ታያለች። «ሁለት ሆነዋል» አለች። «ስክሪኑም ሁለት ይላል፣ ካርዱም ሁለት ይላል።» ከዚያ የትኛዋን አስቀድማ እንደምትጠራ ጨነቃት፤ ምላሷ አይመታማ። አንድ ሽማግሌ «ሞክሪያት፣ አህያ እንደምትነጂ» አሏት። ሞከረች፤ ዶሮ የምትጠራ መሰለች። አግዳሚው በሙሉ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ሳይቀሩ፣ እየመታ ያሳያት ጀመር። ነርሷ ምን ሆናችሁ ብላ ከውስጥ ወጣች። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ሁለቱ ዘንግ ከጉንጯ ወጣ፤ ጥርት ብሎ። «መምህርት» አለችኝ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ይምጡ፣ ይውሰዱ።» የኔን ኪኒን ወሰድኩ። የኔን።

ያቺን ሴትዮ ቤቴ ይዣት መጣሁ። ጨጓራና የፍም ዳቦ በላን፤ ወንድሟ በአህያ ጋሪ እስኪወስዳት ድረስ ስንጨቃጨቅ ዋልን። አርባ ዓመት የሰንበት ትምህርት አስተምራለች፤ የፍራንስፎንቴንን የጥምቀት መዝገብ የምትጽፈው እሷ ናት። የልጅ ልጇ ናሚን በስልክ አሳይቷት ስሞቹን በተራ ሲደረድር አየችው። «ሁለት ዘንግ ከአንድ ዘንግ ይቀድማል ያለው ማነው?» ብላ ተቆጣች። ቆዪ፣ እኔ እጽፍለታለሁ አልኳት። መቆየት የሚባል ነገር አታውቅም። የጥምቀት መዝገቡን ከ1920 ጀምሮ ገልብጣ ራሷ ልትልክልህ ነው፤ አምስት ሺህ ስም ነው።

ለእኔ ምንም አትላክልኝ፤ የጎደለኝ የለም። ለእሷ ቶሎ መልስላት። በቀይ እስክሪብቶ ነው የምትጽፈው፤ ፖስታውን ስትከፍት አትደንግጥ።

አክስትህ
አልቪና